ባዶ ቀለሃ ስንት ያወጣል? የውጅግራ ጥይት ታሪክ በኢሉባቦር



የካቲት 23 ቀን በደረሰ ቁጥር ስለ ጠመንጃ ብዙ ይነገራል። ነጋዴዎች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ስንት ጠመንጃ አስገቡ፣ ማን ሸጠው፣ ማን ታጠቀው የሚለውን እንሰማለን። ስለ ጥይቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ዕቃ ሊገዛ ሲታሰብ ከዋጋው ቀጥዬ የምጠይቀው «ዕቃው ከተገዛ በኋላ በየጊዜው ምን ይወጣበታል?» ብዬ ነው። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። ዝናሩ ባዶ የሆነበት ሰው የያዘው ጠመንጃ ከጥሩ ዱላ አይበልጥም።

የጥይት ፋብሪካ በሌለበት አገር ሕዝባችን ለብዙ ዓመታት ጠመንጃ ይዞ ኖሯል፤ ተዋግቷል፤ አድኗል፤ በጠመንጃም ተገዝቷል። ይህ ሊሆን የቻለው አንዱ ምክንያት የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለሃ ስለማይጣል ነው። ቀለሃው ተለቅሞ፣ ተጠርጎ፣ ባሩድና እርሳስ ገብቶበት ዳግም ጥይት ይሆን ነበር። በእኛ በኢሉባቦርና በአካባቢው ደግሞ ጥይት ከዚያም አልፎ እንደ ገንዘብ ሲቆጠር ኖሯል። ስለዚህ የቀለሃ ታሪክ የጦርነት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የገበያም የቤትም ታሪክ ነው። ሴቶች በሚጽፉበት በዚህ መጽሔት ላይ ባነሣው ከቦታው የወጣ አይመስለኝም።

ውጅግራ ከየት መጣ?

በአገራችን ሽማግሌዎች አፍ የማይጠፋው «ውጅግራ» የሚለው ስም የፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፉዚ» ይሉታል፤ ጠመንጃውን ያሻሻለው መኮንን ደግሞ ባዚል ግራ ይባል ነበር። «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። ስናይደር «ስናድር»፣ ሌበል «ለበን»፣ ማንሊሸር «ምንሽር» እንደሆኑት ሁሉ ማለት ነው።

የፈረንሳይ ጦር ውጅግራን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሻስፖ የሚባለው ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ ሲተኮስ ወረቀቱ ተቃጥሎ ይጠፋል። ውጅግራ ግን ከነሐስ የተሠራ ቀለሃ ይዞ መጣ። ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ነሐሱ ግን ይቀራል። የታሪካችን ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ በቀረው ነሐስ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ የማይወጣው አዲስ ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ጦር በዚሁ ባሩድ የሚሠራውን ሌበልን ታጠቀ። ያን ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ውጅግራ ለፈረንሳይ አሮጌ ዕቃ ሆነባት። አሮጌ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል። በኦቦክና በታጁራ፣ በኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋና ወደ ሐረር የጎረፈው ጠመንጃ ብዙው በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ እንጦጦ ደርሷል። የሟች ሸሪኩ ዕዳ ተቀንሶበት ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመልሷል።

ሌላው ምንጭ ምርኮ ነው። በ1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ጦር በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ሲያሸንፍ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ማረከ። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው አንድ ዓይነት ጠመንጃ አልነበረም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ወታደሮች አንዱ የሌላውን ጥይት መጠቀም የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነበር።

የአንድ ጥይት አራት ክፍሎች

ጥይት እንዴት ዳግም እንደሚሞላ ለመረዳት ምን ምን እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ጥይት አራት ነገሮች አሉት። ቀለሃው፣ ባሩዱ፣ ከፊት የሚቀመጠው እርሳስ፣ ከኋላው መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ካፕሱል ናቸው። ምላጭ ሲሳብ መርፌው ካፕሱሏን ይመታታል፤ እሳት ትተፋለች፤ እሳቱ ባሩዱን ያነደዋል፤ የባሩዱ ጋዝ እርሳሱን ገፍቶ ያስወጣዋል።

የውጅግራ ጥይት ትልቅና ቀላል አሠራር ያለው ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሱ 25 ግራም፣ ባሩዱ 5 ግራም ከሩብ ይመዝናል። የእርሳሱና የባሩዱ ብቻ ድምር ለአንድ ሺህ ጥይት ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ነሐሱ ሲጨመርበት ከ40 ኪሎ ያልፋል። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሺህ ጥይት ከባሕር ዳርቻ እስከ ጎሬ ለማምጣት ግመል፣ በቅሎ፣ ጫኝ፣ ስንቅ፣ የኬላ ቀረጥና ብዙ ሳምንት ያስፈልግ ነበር። ከባቡሩ በኋላም ቢሆን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ያለው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የበቅሎ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ቀለሃን አለመጣል ንፍገት ሳይሆን ሂሳብ የነበረው ለዚህ ነው።

አራቱን ክፍሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

እርሳስ ለስላሳ ብረት ነው፤ በቀላል እሳት ይቀልጣል። ከገበያ የተገዛም ሆነ ከተተኮሰበት ቦታ ተቆፍሮ የወጣ እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ይፈስሳል። ይህ ለአገራችን ቀጥቃጮች አዲስ ሙያ አልነበረም። ማረሻና መጥረቢያ የሚሠራ እጅ፣ ብርና ነሐስ አቅልጦ መስቀልና አምባር የሚሠራ እጅ አረር መሥራት አያቅተውም።

ባሩድም በአገር ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚባለው የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፤ ብዙው ጨው ጴጥር፣ ከዚያ ከሰል፣ ጥቂት ድኝ። ጨው ጴጥር ከብት ከሚያድርበት በረትና ከዋሻ ከሚገኝ አፈር ታጥቦ፣ ተፈልቶ ይወጣል። ከሰል የሚመጣው ከእንጨት ነው። ድኝ ግን ከአፋር በረሃ ይመጣ ነበር። ለእኛ አካባቢ አፋር የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ነው። በዚያ ላይ ባሩድ የእርጥበት ጠላት ነው፤ ኢሉባቦር ደግሞ ከአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በጎሬ ክረምት ባሩድ አድርቆ ማቆየት ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር።

ቀለሃው ደጋግሞ ያገለግላል፤ ለዘላለም ግን አይደለም። ነሐስ በተተኮሰና በተሞላ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፤ አፉ ይሰነጠቃል። ለስለስ እንዲል በእሳት ይሞቃል። ጥይት የሚሞላ ሰው ቀለሃውን በጣቱ እያዟዟረ፣ ስንጥቅ ያለበትን ወደ አንድ ወገን፣ ደህናውን ወደ ሌላ ወገን ይለያል። እህል እንደምንለቅመው ነው። የተሰነጠቀው ከተቀላቀለ አደጋው የተኳሹ ዓይንና እጅ ላይ ነው።

አራተኛዋና ትንሿ ካፕሱል ናት። የሁሉም ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። በውስጧ ያለው ከሜርኩሪ የሚሠራ፣ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ኬሚካል ነው። ይህን በረት አፈርም፣ ከሰልም፣ ወናፍም አያወጣውም። ከውጭ መምጣት አለበት። አንድ ሰው መቶ ደህና ቀለሃ፣ የሚበቃ ባሩድ፣ የሚበቃ እርሳስ ኖሮት ካፕሱል ከሌለው ያለው መቶ ጥይት ሳይሆን መቶ የነሐስ ቁራጭ ነው። ከእህል ፍሬ የማትበልጥ ነገር የሠራዊትን ዕድል ትወስን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። አዲሱ ሌበል በብዙ መንገድ ከውጅግራ ይበልጣል፤ ሩቅ ይመታል፤ ጭስ የለውም፤ ስምንት ጥይት በአንድ ጊዜ ይጎርሳል። ነገር ግን ጥይቱ ጭስ አልባ ባሩድና በብረት የተለበጠ እርሳስ ይፈልጋል፤ ይህን የሚያመርተው ፋብሪካ ነው። ውጅግራ ግን ከካፕሱሉ በቀር ሌላው ሁሉ በቀጥቃጭ ቤት ሊጠገን ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካ ለሌለው አገር አሮጌው ጠመንጃ ብዙ ዘመን አገለገለ። ይህ በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በግሪክ አገርም ይኸው ጠመንጃ «ግራስ» በሚል ስም በቀርጤስ ዓመፀኞች እጅ ቆይቷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ በተራራ ላይ ተዋጊዎች ዘንድ አልጠፋም ነበር።

ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

በጎሬ፣ በማጂና በሌሎች የደቡብ ምዕራብ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ምክንያቱን ለማየት የዚያን ዘመን ገበያ እናስብ።

ዋናው ገንዘብ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። አንድ ቁና እህል ወይም ጥቂት ማር ለመግዛት ብር ማውጣት ዛሬ ለአንድ እስር ጎመን ትልቁን ኖት አውጥቶ «መልስ ስጪኝ» እንደማለት ነው። መልሱ ከየት ይምጣ? በሰሜኑ አገር መልሱ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ግን ከአፋር እስከ እኛ ድረስ ሲመጣ እየተሰበረ፣ እየተወደደ ነው፤ ዝናብ ካገኘውም ይሟሟል። አፄ ምኒልክ ምስላቸው ያለበትን ብር እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ቢያስቀርጹም ሕዝቡ ቶሎ አልተቀበለውም።

ጥይት ግን ገንዘብ ሊያሰኘው የሚችል ጠባይ ነበረው። መጠኑ አንድ ዓይነት ነው። ይቆጠራል። በዝናር ታጥቀው ይዘውት ይሄዳሉ። ሁሉም ይፈልገዋል። ሻጩ ነገ ለሌላ ሰው ሊከፍልበት፣ ካልሆነም ሊተኩሰው ይችላል። በአንድ ጠገራ ብር ስንት ጥይት እንደሚመነዘር እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለያያል። ከጅቡቲ ዕቃ በገባ ሰሞን ጥይት ይረክሳል፤ ጦርነት በተወራ ጊዜ ይወደዳል።

የሂሳብ ሰው ሆኜ ሳየው ግን ይህ ገንዘብ ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ ሲተኮስ ያልቃል። አንድ ሰው በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው ጥይት በእውነትም ገንዘቡን ማቃጠሉ ነበር። ሁለተኛ፣ ውስጡ አይታይም። ከፋብሪካ የመጣ ጥይትና በመንደር የተሞላ ጥይት ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። ባሩዱ እርጥበት የነካው ይሁን፣ ካፕሱሉ የሞተ ይሁን የሚታወቀው ምላጭ ሲሳብ ብቻ ነው። ብር በድምፁና በጥርስ ይፈተናል፤ ጥይት ግን ሲፈተን ያልቃል።

ባዶው ቀለሃም ዋጋ ነበረው። በሂሳብ ሙያ «ቀሪ ዋጋ» የምንለው ነገር አለ። አንድ ዕቃ አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ የሚያወጣው ዋጋ ማለት ነው። የጥይት ቀሪ ዋጋ ቀለሃው ነበር። ዳግም የማይሞላው እንኳ አይጣልም፤ በደቡብ ሴቶች ጌጥ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ በብዙ ቦታም የኩል መያዣ ይሆናል። ሞት ይዞ የመጣ ነሐስ በሴት እጅ የዓይን ኩል ሲይዝ ማየት ለእኔ ከብዙ ሐውልት በላይ ይናገራል።

የሚገርመው በዚያው ዘመን ጎሬ ባንክም ነበራት። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ናት፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው። ምክንያቱ ቡና ነው። አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ተሰጠ። ጋምቤላ የቆመችው በዚህ ነው። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ በኩል የባንክ መዝገብ፣ በሌላ በኩል በጥይት የሚገበያይ ገበያ ነበር ማለት ነው።

ሂሳቡን ማን ከፈለ?

እስካሁን የተናገርኩት የብልሃት ታሪክ ይመስላል። የሂሳብ መዝገብ ግን ሁለት ዓምድ አለው። ጥይቱ ከገባ አንድ ነገር ወጥቷል። ምን ወጣ?

ከኢሉባቦርና ከአጎራባች አገሮች የወጣው የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ሰምና ዝባድ ነው። የወጣው ሰውም ነው። በደቡብ ምዕራብ የባሪያ ንግድና የጠመንጃ ንግድ እጅና ጓንት ነበሩ፤ ሰው በጠመንጃ ይያዛል፤ በሰው ዋጋ ደግሞ ጠመንጃና ጥይት ይገዛል። በባርነት የተወሰዱት ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው።

የምኒልክ ጦር በራስ ተሰማ ናደው መሪነት ኢሉባቦርን ከያዘ በኋላ ጎሬ የገዥው መቀመጫ ሆነች። ራስ ተሰማ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1903 ዓ.ም. ድረስ፣ የአካባቢው ትልቅ ሰው ነበሩ። ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፈለው በብር አልነበረም፤ ገባር ይሰጠው ነበር። ገባሩ ገበሬ ያርስለታል፣ እንጨት ይፈልጥለታል፣ ማር ያገባለታል፤ ሚስቱና ልጆቹ ይፈጩለታል። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል የመጣው ነፍጥ ከሚለው፣ ከጠመንጃው ነው። ስለዚህ በጎሬ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የምትሄደው አንዲት ጥይት ጀርባዋ ላይ የገባር ሴት የወፍጮ ድካም ነበረባት። የብልሃቱን ታሪክ ስንኮራበት ይህንንም አብረን መጻፍ አለብን፤ ካልጻፍነው መዝገባችን አይዘጋም።

ጎሬ በ1929 ዓ.ም.

የጥይት እጦት ምን እንደሚያደርግ በአካባቢያችን በግልጽ የታየው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ስትገባ ጎሬ ገና ነፃ ነበረች። ቢትወደድ ወልደ ፃዲቅ ጎሹ የመንግሥቱን ሥራ ከዚያ እንዲመሩ ተደረገ፤ ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደ ጎሬ መጡ። ለጥቂት ወራት የነፃይቱ ኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ከመቱ አጠገብ ያለችው ያቺ ትንሽ ከተማ ነበረች።

በነቀምት ደግሞ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና የተማሩ ሰዎች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት ጥቁር አንበሳ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በቦናያ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን አጥቅተው አቃጠሉ። በኋላም ከራስ እምሩ ጋር ሆኑ።

ይህ ሠራዊት ድፍረትና ዕውቀት አላነሰውም። ያነሰው የሚተካ ነገር ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊትም አገሮች ጦር መሣሪያ እንዳይሸጡ በጣሉት ማዕቀብ ምክንያት ኢትዮጵያ የበቃ ጥይት ማስገባት አልቻለችም ነበር። ያለውም የብዙ ዓይነት ጠመንጃ ስለሆነ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የጅቡቲ ባቡር በጠላት እጅ ወድቋል። በጋምቤላ በኩልም የሚመጣ እርዳታ አልነበረም። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ጎሬን ያዙ። በታኅሣሥ ወር ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው፣ ስንቅና ጥይት አልቆባቸው እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን አገር ተግዘው ታሰሩ።

ከዚያ በኋላ በየጫካው የቀጠለው የአርበኞች ትግል በአመዛኙ ከጠላት በሚማረክ መሣሪያ፣ ዳግም በሚሞላ ቀለሃና ከከተማ ተደብቆ በሚወጣ ጥይት ላይ የቆመ ነበር። የእኛ አካባቢ ነፃ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ጋምቤላን ያዘ፤ በሰኔ ወር መጨረሻ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ፣ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ እጁን ሰጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሴቶችን ስም መፈለግ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሳ ጋር ተሰልፈው ቁስለኛ ሲረዱ ቆይተው ተማረኩ፤ በጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ለአርበኞች ጥይት፣ መድኃኒትና ልብስ እያሰባሰቡ ይልኩ ነበር። ተይዘው ተገረፉ፤ እሳቸውም አዚናራ ታሰሩ፤ ሲመለሱ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከጫካ ያለው ሰው የሚተኩሰው የውስጥ አርበኛ ስትልክለት ነው። ስለ ተኳሹ ሐውልት ተሠርቷል፤ ስለ አቀባዩዋ ግን ገና ብዙ ይቀረናል።

በቤታችን ስላለው አሮጌ ጥይት

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ብዙ ቤት የአያት ሳጥን ውስጥ አሮጌ ጥይት ይገኛል። ጥቁር ባሩድ ደርቆ ከቆየ መቶ ዓመት አልፎትም ይነዳል። ካፕሱልም ምት ካገኘው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ «ያረጀ ነው» ተብሎ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም፤ አይቀጠቀጥም፤ ነሐሱን ለመሸጥ ተብሎ እሳት ውስጥ አይጨመርም። በእጅ ጥይት መሙላትም ዛሬ የሚሞከር ነገር አይደለም። አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ አዲሱ ባሩድ ከገባ ጠመንጃው ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሥራትንና ማዘዋወርን ይከለክላል። ያልተተኮሰ ጥይት ያገኘች እህት ሳትነካካው ለፖሊስ ታስታውቅ። ባዶውን ቀለሃና ታሪኩን ግን ትያዘው።

ከቀለሃ ወደ ማኅበራችን

ይህ ሁሉ ለራስ አገዝ ማኅበር ምን ያደርጋል የምትል እህት ትኖራለች። ለእኔ ትምህርቱ አንድ ነው፤ ራስን መቻል የሚለካው በገዛነው ዕቃ ብዛት ሳይሆን ዕቃው ሥራ እንዳያቆም የሚያስፈልገው ነገር በማን እጅ እንዳለ በማወቅ ነው። አያቶቻችን ከአራቱ የጥይት ክፍሎች ሦስቱን እዚሁ አበጁ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አራተኛዋ ግን ከእጃቸው ውጭ ነበረች፤ መንገዱ ሲዘጋ ሦስቱም ዋጋ አጡ።

በዚህ ዓመት ከቁጠባችን የበርበሬና የቡና መፍጫ ማሽን እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ዋጋ ስናወዳድር ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የትኛው ክፍሉ ቶሎ ያልቃል? ያ ክፍል መቱ ላይ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ይመጣል? ከእኛ መካከል ማን ሊጠግነው ይችላል? በዋጋ ረከስ ያለው ማሽን መለዋወጫው ከሌለ እንደ መቶ ቀለሃ ያለ ካፕሱል ነው። ትንሽ ዝቅ ያለ አቅም ያለው፣ ግን እዚሁ የሚጠገን ማሽን ደግሞ እንደ ውጅግራ ብዙ ዘመን ያገለግለን ይሆናል። በሚቀጥለው ስብሰባ የመለዋወጫ ወጪ ለብቻው ዓምድ ተይዞለት በበጀቱ ላይ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሌላው ልመናዬ ይህ ነው። በየቤታችሁ ጥይት በገንዘብ ሲቆጠር ያዩ ወይም ከእናታቸው የሰሙ አረጋውያን ካሉ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ የሚነግሯችሁን ጻፉት። በአንድ ብር ስንት ይመነዘር ነበር? ምን ይገዛ ነበር? ቀለሃውን ማን ይሰበስብ፣ ማን ይሞላ ነበር? የትልልቅ ሰዎች ታሪክ ተጽፏል። የገበያው ሂሳብ ግን በእናቶቻችን አእምሮ ውስጥ ነው ያለው፤ እነሱ ሳያልፉ መዝገብ ላይ ማስፈር የእኛ ሥራ ነው።